ሙቀት ያልበተናቸው ሞገዶች

ባለፈው ማክሰኞ አንዲት ተማሪዬ የታተመ ወረቀት ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጣ፣ «ስህተት ሳይሆን አይቀርም መምህር፤ አጥፍቼ እንደገና ልሥራው?» አለችኝ። ወረቀቱን ገና ሳላየው ይበልጣል ትዝ አለኝ።

ይበልጣል ደብረ ማርቆስ ፊዚክስ ማስተማር በጀመርኩባቸው ዓመታት ረዳት መምህር ሆኖ አብሮኝ ይሠራ የነበረ የይጁቤ ልጅ ነው። ወደ ዘመናዊ ትምህርት ከመግባቱ በፊት ዲማ ገዳም ገብቶ ቅኔ ተምሯል። በዕድሜ ብበልጠው አምስት ዓመት ቢሆን ነው፤ ግን አንድም ቀን «አንተ» ብሎኝ አያውቅም።

አንድ ክረምት ላይ አዲስ አበባ ሁለተኛ ዲግሪውን የሚማርበት ዕድል አግኝቶ ነበር። መስከረም ሳይጠባ አንድ የምርምር ሥራ ጨርሶ ማቅረብ አለበት፤ መርምሬ የምፈርምለት ደግሞ እኔ ነኝ። ዝናቡ አላባራ ብሎ፣ ተማሪው ሁሉ አገሩ ገብቶ፣ ግቢው ውስጥ እሱና አንድ አሮጌ ኮምፒውተር ቀሩ። መብራት በሄደ ቁጥር ስሌቱ ከመሀል ይቋረጣል፤ እሱም ጋቢውን ተከናንቦ መስኮቱ ሥር ይጠብቃል። እናቱ የላኩለትን ድንች እዚያው ይቀቅልና በዳጣ ያቀርብልኝ ነበር። ከምርምሩ ይልቅ ድንቹ ይስበኝ እንደነበር አልደብቅም።

ጥያቄው በቀላሉ ሲነገር እንዲህ ነው፤ ኳርክ የሚባሉት ረቂቅ ቅንጣቶች በኃይለኛ ሙቀት ውስጥ ምን ይሆናሉ? ኮምፒውተሩ ትንሽ የቦታ መረብ ይዘረጋና የቅንጣቶቹ ሞገድ በመረቡ ላይ እንዴት እንደሚሰራጭ ያሰላል። ሙቀቱ ዝቅ ሲል ሞገዱ መረቡን ሁሉ ያዳርሳል። ሲሞቅማ ይብሱን ይበተናል ብዬ ነበር የማስበው።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ለእህቴ ልጅ ክርስትና ደብረ ወርቅ ልሄድ ሚኒባስ ውስጥ ተቀምጫለሁ። ይበልጣል ውጤቱ የታተመበትን ወረቀት በፌስታል ሸፍኖ፣ በጭቃው እየሮጠ መናኸሪያው ድረስ መጣ።

«ጋሼ፣ ሲሞቅ አነስተኛ ጉልበት ያላቸው ሞገዶች አይበተኑም። አንዲት ጥግ ይዘው ቁጭ ይላሉ!»

ሳቅኩበት። «የሚፈላ ሽሮ ጥግ ይዞ ሲቀመጥ አይተህ ታውቃለህ? ፕሮግራምህ ላይ ስህተት አለ። አጥፋውና እንደገና ሥራው።»

«እሺ፣ ጋሼ» አለ። ሚኒባሱ ሲነሳ ወረቀቱን ወደ ፌስታሉ እየመለሰ ነበር።

ቅኔ ቤት መምህሩ «አይሆንም» ካሉ ተማሪው ለምን ብሎ አይሟገትም፤ የቆጠረውን ቅኔ ትቶ ሌላ ይቆጥራል። ይህን የማላውቅ ሰው አይደለሁም። ግን እኒያ መምህር «አይሆንም» የሚሉት ሰምተው ነው። እኔ ወረቀቱን እንኳ አልገለጥኩም።

ይበልጣል የሠራውን ሁሉ አጠፋ። ነሐሴን በሙሉ የሌለ ስህተት ሲፈልግ ከረመ። መስከረም ሲጠባ የሚያቀርበው ነገር ስላልነበረው ዕድሉ ለሌላ ሰው ተሰጠ። እሱም ይጁቤ ገብቶ ሁለተኛ ደረጃ ማስተማር ጀመረ። እኔም፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ሰነፈ ብዬ ታዝቤው ነበር።

ከዓመታት በኋላ የውጭ ተመራማሪዎች የጻፉትን ሳነብ ይበልጣል ያለውን ያንኑ ነገር አገኘሁት። በሳምንቱ ይጁቤ ሄድኩ። ከክፍል ሲወጣ፣ እጅጌው ጠመኔ እንደነካው አገኘሁትና «ልክ ነበርክ» አልኩት።

እጅጌውን እያራገፈ፣ «ሞገዶቹ የሚቀመጡበት ቦታ ከሌላው በምን ይለያል ይላሉ ተመራማሪዎቹ?» ሲል ጠየቀኝ።

«በሙቀቱ የኃይል መስኩ በሌላው ቦታ ሁሉ አንድ ዓይነት መልክ ይይዛል፤ እዚያች ቦታ ላይ ግን እንዳፈነገጠ ይቀራል። እዚያ ነው የሚሰበሰቡት።»

«እንዲያ መስሎኝ ነበር።»

«ታውቀው ነበር?»

«መረቡን እያሰፋሁ ሦስት ጊዜ ደጋግሜዋለሁ። ሦስቱም ጊዜ ያው ነው።»

«ታዲያ ምነው ሳትነግረኝ?»

«መቼ ጠየቁኝ፣ ጋሼ?»

ድምፁ ውስጥ ቁጣ አልነበረም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

ማክሰኞ ዕለት ታዲያ ተማሪዬን «ተቀመጪ» አልኳት። ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች እያየሁ ጠየቅኋት፤ ስንቴ ደጋገምሽው፣ ምንድን ነው የጠረጠርሽው እያልኩ። የሷ እውነተኛ ስህተት ነበር፤ ምሳ ሰዓት ሳይደርስ አገኘነውና ደስ ብሏት ሄደች።

እኔ ግን ወንበሬ ላይ ቀረሁ። ለካ ወረቀት ገልጦ መጠየቅ የሚፈጀው ግማሽ ቀን ነው። ያን ቅዳሜ ወደ ደብረ ወርቅ የሚሄድ ሌላ ሚኒባስ ነበር።