ከእህቴ ጀርባ የነበረው ግድግዳ

አባቴ መሃል ላይ ወንበር ይዟል። እናቴ በቀኙ፣ እኔ በግራው ቆመናል። እህቴ ዳር ላይ፣ ከእናቴ ጎን ናት። ከኋላችን ለመስቀል ኖራ የተቀባው የቤታችን ግድግዳ አለ።

ይህን ፎቶ ይዤ ባለፈው ሳምንት ፒያሳ ወዳለ ፎቶ ቤት ሄድሁ። እህቴ አርፋ አርባዋ ሊደርስ ነው። ልጇ «እናቴ ብቻዋን ሆና፣ ከኋላዋ የኖረችበት አገር ሐይቅ እየታየ በትልቁ ይታጠብልኝ» ብላ አደራ ሰጥታኛለች።

ኮምፒውተሩ ላይ የተቀመጠችው ሴት አንድ ነገር ስትነካ ግድግዳው ጠፋ። የእህቴ ነጭ ነጠላም አብሮ ጠፋ።

«ውይ እማማ፣ ነጠላቸውንም ግድግዳ መስሎት በላው! ሌላ ላልብሳቸው? የሐበሻ ቀሚስ አለኝ፤ ሱፍም አለ።»

«ሱፍ ለብሳ አታውቅም» አልኋት።

ሳቀች። «እንግዲያው ቀስ ብዬ በእጄ እለየዋለሁ፤ ይቀመጡ።»

ተቀመጥሁ። ማውሱ ቀጭ ቀጭ ሲል ፎቶው የተነሳበት ያ ጠዋት መጣብኝ።

እህቴ ሩቅ አገር አስተማሪ ሆና ተመድባ ነበር። መናኸሪያ የቆመው አውቶቡስ ጡሩምባ ቤታችን ድረስ ይሰማል። እናቴ ለካ ማንንም ሳታማክር ፎቶ አንሺ ጠርታለች። «ሳንነሳ አትሄጂም» አለቻት። ከዚያ ቦታ ታለዋውጠን ጀመር። እኔን አንዴ ወደ ቀኝ፣ አንዴ ወደ ግራ። የአባቴን ኮሌታ አስተካከለች። የእህቴን ነጠላ ፈታ እንደገና አጣፋች። ኖራው ይሸታል፤ ግድግዳው ላይ ያረፈው ፀሐይ ዓይን ይወጋል።

«እማዬ፣ መኪናው ጥሎኝ ሊሄድ ነው!»

«መኪና ሞልቷል። ነገም አለ።»

ፎቶ አንሺው ሰዓቱን አየ። «እንዲህ ከሆነማ ምሳም እዚሁ ልበላ ነው።»

እህቴ በቆመችበት ትቁነጠነጣለች።

«በቃ፣ ተያት» አለ አባቴ በቀስታ።

እናቴ እጇን አወረደች። ፎቶው ያኔ ተነሳ።

«ያምራል እማማ?» አለችኝ የፎቶ ቤቷ ሴት። ሐይቁ ከእህቴ ጀርባ ተዘርግቷል።

ያምራል አልኋት። እህቴ ወደ ጎን ታያለች። የምታየው የግቢያችንን በር እንደነበር ከእኔ በቀር የሚያውቅ አሁን የለም። ከዚያ ወዲያ እቤት የመጣችው እንግዳ ሆና ነው።

ያን ጠዋት ፎቶ አንሺው ጨረስሁ እንዳለ እህቴ የእናቴን ጉልበት ሳመች። ሻንጣዋን አነሳችና ወጣች።