የጆዲ ፈቃድ

ክላይቭ ታክሬይ እንግሊዝ አገር ግሪምስቢ ወደብ ላይ ባለው የዓሣ ሱቁ የዓሣ ሆድ ዕቃ ሲዘረግፍ ነው ያረጀው። ደንበኛ አፍንጫውን ይዞ የሚሸሸው ግማት ለእሱ ምኑም አይደል። እሱን ያቅለሸለሸው ሰው ነው።

ሚስቱ ስትሞት አንድ ልጅ ትታለት ሄደች። ልጁ ሴት ሆኖ ነው የተወለደው፤ በዘጠኝ ዓመቱ ግን “ወንድ ነኝ፣ ጆዲ በለኝ” አለው። ክላይቭ ምላሱ እምቢ አለው። “ሻይሽን ጠጣ… ሻይህን ጠጪ… ኧረ ይጠጡ!” ሲል ሁለቱም በሳቅ ይፈርሱ ነበር።

ጆዲ አሥራ ሁለት ሲሞላው ሐኪም ዘንድ ሄዱ። ሐኪሟ ጉርምስናን የሚያዘገይ መርፌ እንዳለ ነገረቻቸው፤ ለአጥንትም ለመውለድም ወደፊት ምን እንደሚያመጣ ገና በደንብ እንደማይታወቅ አልደበቀችም።

“አድገህ ልጅ መውለድ ቢያምርህስ?” አለችው።

“ሕፃን? ኤጭ፣ ይሸታል!”

ክላይቭ ሊስቅ ብሎ ተወው። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሌላ ምን ሊል ኖሯል? ግን ይኸው ልጅ ሰውነቱ መለወጥ ሲጀምር መስተዋቱን በፎጣ ሸፍኖ ከትምህርት ቤት እንደቀረም ያውቃል። ሐኪሟ “አስቡበት” ብላ ሸኘቻቸው።

የክላይቭ እህት ቤቨርሊ ወሬውን እንደ ሰማች ጆዲ ድንች ጥብስ ሲበላ ያነሳችውን ፎቶ “ልጃችን ወስኗል፣ ስሙት!” ብላ በኢንተርኔት ለቀቀችው። ጎረቤታቸው ኪት ያንኑ ፎቶ አሳትሞ “ልጅ መፍቀድ አይችልም!” የሚል ሰሌዳ ላይ ለጠፈና ሰልፍ ወጣ። ቅዳሜ ረፋድ ላይ ሁለቱ ሱቁ በር ላይ ተገናኙ። ጆዲ ዓሣው ላይ በአካፋ በረዶ እየበተነ ነበር።

“መርፌውን ከልክላችሁ ልጁን ልትገድሉት ነው!” አለች ቤቨርሊ።

“ሰላቢዎች!” አለ ኪት።

ጆዲ ሰሌዳው ላይ የራሱን ፊት አየና አካፋውን ጥሎ ወደ ጓዳ ገባ። ክላይቭ ቢላዋውን አስቀምጦ ወጣ።

“ለመሆኑ ለፎቶው ማን ፈቀደላችሁ?”

“ውይ ክላይቭ! ልጅ እኮ ነው፣ ለፎቶ ደግሞ ፈቃድ?” አለች ቤቨርሊ።

ኪት ሰሌዳውን ወደ ጀርባው ሊሸሽግ ሞከረ። ክላይቭ ሰሌዳውን ነጥቆ በጉልበቱ ሰበረና ከዓሣው አንጀት ጋር በርሜል ውስጥ ከተተው። “አንቺም ያንን አጥፊው። ጥፉልኝ ከዚህ፣ ትቀፉኛላችሁ!”

አባትና ልጅ ገና ሳይወስኑ መንግሥት መርፌው ገና ላልጀመሩ ልጆች እንዳይታዘዝ ከለከለ። ኪት መጠጥ ቤት ገብቶ ጋበዘ፤ ቤቨርሊ ለየሰዉ እየደወለች አለቀሰች። ጆዲን “አንተስ እንዴት ነህ?” ያለው አልነበረም።

ጆዲ አሁን አሥራ አምስት ሞልቶታል። አንድ ቀን ዓሣ ሲያጥቡ ክላይቭ፣ “ያኔ ቢሰጥህ እሺ ትል ነበር?” አለው።

“እል ነበር፣ አባዬ። አሁንም እላለሁ መሰለኝ። ያኔ ግን የጠየቀችኝ ነገር አልገባኝም ነበር።”

ክላይቭ ቀጣዩን ዓሣ አነሳ። ዛሬም እውነቱ የት ጋ እንዳለ አያውቅም። ቤቨርሊና ኪት ዓርብ ዓርብ ዓሣ ሊገዙ ይመጣሉ፤ ይመዝንላቸዋል፣ ይጠቀልልላቸዋል። ሰላምታ ግን አይሰጣቸውም።