ሳቫና ላይ ያልተቋጠረው ገመድ

ልጄ ለአባቶች ቀን ብላ ሳቫና ወሰደችኝ። ከማሪዬታ ከተማ ተነስተን ያን የማያልቅ ሀይዌይ እስክንጨርስ እኔ ሁለት ጊዜ አርጅቼ አንድ ጊዜ ሞቻለሁ። ሳቫና ድሮ መርከብ ይሠራባት የነበረች ከተማ ናት፤ የባሕር ሙዚየም አላት።

«ኔቪ ነበርኩ ትላለህ አይደል? ትወደዋለህ፣ አባዬ» አለችኝ።

«ትላለህ» ያለችው ነገር ጎኔን ወጋኝ።

አይፈረድባትም። ዓሣ ነባሪ በጥፊ ስለመምታቴ፣ ማዕበል ላይ ቆሜ ጢሜን ስለመላጨቴ እየሰማች ነው ያደገችው። ከዚያ ሁሉ ወሬ አንዱ ግን እውነት ነበር፦ ወጣትነቴን ምጽዋ ላይ፣ በኢትዮጵያ ባሕር ኃይል፣ በመርከበኛነት አሳልፌያለሁ። ያን ቀን ይህቺን አንዷን እንድታምነኝ ብዬ ቀልዴን ቤት ቆልፌበት ነበር የወጣሁት።

ሙዚየሙ በመስታወት ሣጥን በተቀመጡ ትንንሽ መርከቦች የተሞላ ነው። አስጎብኚው ነጭ ሽማግሌ፣ እሱም የቀድሞ ባሕረኛ። ልጄ በኩራት ይሁን ለፈተና እንጃላት፣ «አባቴም ኔቪ ነበር፤ የኢትዮጵያ» አለችው።

ሽማግሌው ቅንድቡን ሰቅሎ ግድግዳው ላይ ወደተሰቀለው የዓለም ካርታ ወሰደን። «ኢትዮጵያ ባሕር አላት እንዴ?» አለ። ክፋት የለውም፤ ሳያውቅ ነው።

ልጄ ጣቷን በድንበሩ ዙሪያ አዞረች። ዙሪያው መሬት ነው።

«አባዬ፣ መርከብህ የት ነበር የሚቆመው?»

ምጽዋን ነካሁላት።

«ይሄ እኮ ኤርትራ ነው።»

«ያኔ አንድ አገር ነበርን።»

«ሶ፣ የኤርትራ ኔቪ ነበርክ?»

«አይደለም፣ የኔ እመቤት። በኋላ ነው የተለያየነው፣ እና ባሕሩ...»

«ኦኬ፣ ኦኬ። ዓሣ ነባሪውን የመታኸውስ በየትኛው አገር ነው?» ብላ ሳቀች። ሽማግሌውም ምኑም ሳይገባው አብሯት ሳቀ።

ጥግ ላይ ጎብኚ እንዲሞክረው የተንጠለጠለ ገመድ አየሁ። ተገላገልኩ ብዬ አነሳሁት። ባሕር ውስጥ የወደቀ ሰው የሚጎተትበትን ቋጠሮ ምጽዋ ላይ ዓይኔን በጨርቅ ሸፍነውኝ እንኳ እሠራው ነበር።

«እስቲ እይኝ» አልኳት።

ጠመዘዝኩ፣ አሾለክሁ፣ ሳብኩ። ተፈታ። ደገምኩት። አሁንም ተፈታ። በስደት፣ ኢስት ፖይንት በሚባል ሰፈር ኤርፖርቱ አጠገብ፣ ስንት ዓመት የሰው ሻንጣ ሲጎትቱ የኖሩ ጣቶቼ የሌላ ሰው ጣቶች ሆነዋል። ልጄ መሳቋን አቆመች። ብትስቅ ይሻለኝ ነበር። ትከሻዬን መታ መታ አድርጋ «ኢትስ ኦኬ፣ አባዬ» አለችኝ፤ ወድቆ የተነሣ ሕፃን እንደሚባበል።

መውጫው ላይ ካለው ሱቅ ነጭ የካፒቴን ኮፍያ ገዛችልኝ፤ ቻይና የተሠራ። ደፍታልኝ ከፕላስቲክ የመርከብ መሪ ጀርባ አቆመችኝና «ስማይል!» አለች። ፈገግ አልኩ፤ ምን ላድርግ?

ፎቶውን አሳጥባ ቸርች አመጣችው። ይኸው እሑድ እሑድ ከአምልኮ በኋላ የቸርቹ ሽማግሌዎች ሳይቀሩ «ካፒቴን፣ ባሕሩ እንዴት ሰነበተ?» ይሉኛል። እኔም ቀይ ባሕርን አንድ ቀን ውኃ ጠምቶኝ በጭልፋ ጠጥቼ እንዳጎደልኩት አወራላቸዋለሁ። ሆዳቸውን ይዘው ይስቃሉ፤ ከሁሉም በላይ የምትስቀው ልጄ ናት። ምጽዋን ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ለእሷ አንስቼላት አላውቅም።