በጠበል የራሰ ፍሬን

በ1973 ዓ.ም. ነው፤ ሠላሳ ስምንት ዓመቴ ነበር። ከጣሊያን ጊዜ የቀረች አንዲት አሮጌ መኪና ነበረችኝ። ከደባርቅ ዳባት ሰው አመላልስባታለሁ። የእህቴ ባልም በዚያው መንገድ የሚሠራበት ጂፕ ነበረው። የሱ ቀለም ያብለጨልጫል፣ የኔዋ ዝገት ናት። እሱ ጥሩምባ ሲነፋ ሰው ሁሉ ዕቃውን ይዞ ይሮጣል። የገዛ ሚስቴ እንኳ ዳባት ገበያ ስትሄድ በሱ ነበር የምትሳፈር። «ያንተዋ ቀሚሴን ዘይት ታስነካብኛለች» ትለኛለች። ውሸቷን አይደለም፤ ግን አንጀቴ ይቃጠላል። ቅናት ነው፣ ሌላ ስም የለውም።

በዓመት አንድ ጊዜ መርማሪ ከጎንደር ደባርቅ መጥቶ መኪና ይፈትሻል። ያለፈው ቦሎ ይለጠፍለታል፣ የወደቀው ታርጋው ተፈትቶ ይቆማል። የእህቴ ባል በመጀመሪያው ቀን አለፈ። እንዴት ቢሉ፣ ጠዋት ቄስ ጠርቶ ጂፑን ጠበል አስረጭቶ ኖሯል።

በማግስቱ እኔም መኪናዬን ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ አቆምኩ። ቄሱ ረጨት ረጨት አደረጉና «ይበቃታል ልጄ» አሉኝ።

«አይ አባ፣ ይህ የሚበቃ ለሱ ጂፕ ነው። የኔዋ አሮጊት ናት።»

የጠበሉን ጀሪካን ራሴ አነሳሁት። አራቱንም ጎማ ውስጥ ውስጡን፣ ፍሬኑ ያለበትን ሁሉ፣ እስኪንጠባጠብ አጠጣሁት። ጠበሉ ሳይደርቅብኝ ብዬ በቀጥታ ወደ ፍተሻው ነዳሁ።

መርማሪው መሬቱ ላይ በኖራ አስምሯል። «ጓድ፣ ሮጥ አድርገህ አምጣትና እዚህ ላይ አቁማት» አለኝ። ከመስመሩ ስደርስ ፍሬኑን ረገጥኩ። ወይ መቆም! መስመሩን አለፈች፣ መርማሪውንም አለፈች፣ የሰው አጥር ልትገባ ስንዝር ሲቀራት ቆመች።

መርማሪው ቁጢጥ ብሎ ጎማውን ዳሰሰ። «ይህ ውሃ ምንድን ነው?»

ደረቱ ላይ የአብዮት አርማ አለ። ጠበል ነው ልበለው? በዚያ ዘመን አድሃሪ ለመባል ከዚያ ያነሰም ይበቃ ነበር።

«ወንዝ ሲሻገር ነው፣ ጓድ» አለ የእህቴ ባል ለማየት ከቆመው ሰው መሃል።

መርማሪው እኔን አየ፣ እሱን አየ። «ነገ ጠዋት ከመመለሴ በፊት አድርቀህ አምጣት። ካልቆመች ታርጋዋን እፈታለሁ።»

መርማሪው ዘወር ሲል የእህቴ ባል ጆሮዬ ሥር መጣ። «አማቼ፣ አጠመቅሃት ወይስ አሰጠምሃት?»

የሰሙት ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ።

«የረጠበው ጎማውን አጥብቆ የሚይዘው የፍሬኑ ሸራ ነው» አለኝ ደግሞ። «ፍሬኑን ያዝ ለቀቅ እያደረግህ ንዳት፤ ሲግል ይደርቃል።»

«ማን ጠየቀህ?» አልኩት። ከማፌዙ ይልቅ ማዳኑ ነው ያቃጠለኝ። መኪናው የሱ፣ ተሳፋሪው የሱ፣ አሁን ደግሞ ውለታውም የሱ!

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ፣ እንዳያየኝ ብዬ እሱ በማይሠራበት በሊማሊሞ በኩል አወጣኋትና ልክ እሱ እንዳለው ፍሬኑን ያዝ ለቀቅ እያደረግሁ አራት ጊዜ ተመላለስኩ። ከዚያ ወደ መርማሪው ወሰድኳት። መስመሩ ላይ ቀጥ ብላ ቆመች፤ ቦሎዋን ለጠፈላት። ስወጣ የእህቴ ባል ሰው እየጫነ ነበር። «እንኳን ደስ ያለህ፣ አማቼ!» ብሎ ጮኸ። መስታወቴን ዘጋሁና፣ አንድ ሰው እንኳ ሳልጭን፣ ቀድሜው ዳባት ለመግባት ነዳሁ።