የዳማው ሞተር

ዳንግላ ውስጥ ከመስጊዱ በታች ያለውን የሙነወር ዓብዱልሀሚድን ግቢ ሰው የሚያውቀው በባለቤቱ ስም አይደለም። «ዳማው ቤት» ይሉታል። ዳማው ግን ፈረስ አይደለም። አባቱ ሐጂ ዓብዱልሀሚድ ኑግና ቆዳ በሚነግዱበት ዘመን አስመራ ሄደው፣ አገሩን ከሚለቅ አንድ አሜሪካዊ የገዙት ባለ ሁለት በር ፎርድ ሙስታንግ ነው። ቀለሙ ጠቆር ያለ ቀይ፣ ከአፍንጫው እስከ ጀርባው ነጭ መስመር የወረደበት። ፈረስ የሚያውቅ አገር ነውና ባየው ቀን ስም አወጣለት። ሐጂ ሲነዱት ድምፁ ከመኪናው ቀድሞ ገበያ ይደርስ ነበር ይባላል። በደርግ ጊዜ ቤንዚን በኩፖን ሆነ፣ ጎማውም ጠፋ፤ ዳማው ግቢ ጥግ ቆመ። ሐጂም አረፉ። ከዚያ ወዲህ ዶሮዎች ሲፈለፍሉበት ኖሩ።

ሙነወር ስድሳ ሁለት ዓመቱ ነው። ጨርቅ ይሸጣል። መንዳት አያውቅም፤ አባቱ መሪውን አስነክተውት አያውቁም፣ እሱም ጠይቆ አያውቅም። መኪናውን ያልሸጠውም ስለወደደው ሳይሆን፣ የአባቱን ዕቃ ምን ብሎ እንደሚያወጣው ስላልገባው ነው።

መኪናውን የወደደው ልጁ ሙእሚን ነበር። አንድ ልጁ። እንጅባራ ሽባባው የሚባል መካኒክ ጋራዥ ስድስት ዓመት ሠርቷል። ዓርብ ዓርብ ለጁምዓ በሚኒባስ ይመጣና፣ ከሶላት ሲመለስ ቱታውን ለብሶ ዳማው ሥር ይገባ ነበር። እናቱ ዋሂዳ ምሳውን እዚያው ታመጣለታለች፣ «ከመኪናው ጋር ኒካህ ይታሰርልህ እንዴ?» እያለች።

ዕቅዱን በአንድ ደብተር ጽፎት ነበር። ገጹን በመስመር ለሁለት ከፍሎ በአንዱ ወገን «የሚቀር»፣ በሌላው «የሚቀየር» ብሏል። የሚቀየረው ብዙ ነው፤ የፊቱ ፍሬን በባለ ዲስክ፣ ካምቢዮው በባለ አምስት ማርሽ፣ ራዲያተሩ የእንጅባራን ዳገት በሚችል ትልቅ፣ የኤሌክትሪኩ ገመድ በሙሉ። በሚቀረው ወገን አንደኛው መስመር ላይ «ሞተር፤ የአያቴ ነው፤ አይነካም» ይላል። ከሁሉም በታች፣ ከሁለቱም ወገን ሳይሆን፣ «ቀለም፤ አባባን መጠየቅ» የሚል አለ። ሙእሚን ቀለሙን ሳይጠይቀው ቀረ። ሙነወር ቢጠየቅ ምን ይል እንደነበር እስከ ዛሬ አያውቅም።

ሞተሩ ሳይለወጥ ይታደስ ዘንድ መፈታት ነበረበት። ሙእሚን ሲፈታ እንደ አስተማሪው እንደ ሽባባው ነው። ከሸራ ጥላ ሥር ረጅም ጣውላ መሬት ላይ አጋድሞ፣ በጠመኔ ቁጥር ጽፎ፣ ከሞተሩ የወጣውን እያንዳንዱን ዕቃ በየቁጥሩ ላይ ይደረድራል። ዕቃው ላይ ምንም አይጻፍም። «ስሙ ቦታው ነው፤ አንድም እንዳትነኩብኝ» ይላቸው ነበር። ዋሂዳ ዶሮዎቹን ሳይቀር አሠረችለት።

በሐምሌ ሙእሚን ኩላሊቱን ታመመ። ባሕር ዳር ሊወስዱት ሲሉ መንገድ ተዘጋ፤ ሦስት ቀን ጠበቁ። በአራተኛው ቀን የሚጠበቅ ነገር አልነበረም።

ሙነወር ከልጁ አስከሬን ጋር ሐኪም ቤት በነበረበት ሰዓት ጎረቤቱ ግቢውን አሰናዳ። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ወጣ። ዝናቡ አያቋርጥም፤ ድንኳን ካልተተከለ ለቅሶ የሚመጣው ሰው የት ይቀመጣል? ሥራውን የመራው አጥር የሚለያቸው አናጢው ባንተአምላክ ነበር። መሬት ላይ የተደረደረውን ብረት ሁሉ ሰበሰበ። ዝናብ እንዳያዝገው አንድ በአንድ ጠርጎ፣ ዘይት ቀብቶ፣ በማዳበሪያ ከረጢት አስሮ ደረቅ ቦታ አስቀመጠ። ጣውላውን በአራት ድንጋይ ላይ አጋድሞ አግዳሚ አደረገው። ሙነወር ሲመለስ ሰው ተቀምጦበት አገኘው። ሦስት ቀን ተቀመጡበት። ሲነሱ ጣውላው ንጹሕ ነበር፤ አንድም ቁጥር አልቀረበትም።

ሙነወር ያን ጊዜ አይቷል። ለማንም አልተናገረም። ምን ብሎ?

ዋሂዳ ድሮ «የሙእሚን አባት» ነበር የምትለው። አሁን በምንም አትጠራውም፤ ስታናግረው ቀና ብላ ታየዋለች፣ እሱም ለእሱ እንደሆነ ያውቃል።

ዓመት ሲሞላ ሙነወር ደብተሩን በኪሱ ይዞ እንጅባራ ሄደና ሽባባውን ለመነው። ሽባባው በሳምንቱ የመሣሪያ ሣጥኑን ተሸክሞ መጣ። ዳማውን ዞሮ ዞሮ አየና ሳቀ።

«ጋሽ ሙነወር፣ ይህ እኮ በዕድሜ ይበልጠኛል። እጅ ልንሳው ወይስ ልፍታው?»

«መፍታቱማ ተፈቷል» አለች ዋሂዳ ከበሩ ላይ፤ «ያንተ ሥራ መግጠሙ ነው።»

ባንተአምላክም በአጥሩ ሽንቁር ገብቶ መጣ። እርሳሱ እንደ ወትሮው ጆሮው ላይ ነው። «ሙነወር ሊነዳ ነው አሉ! የዳንግላ ዶሮ ሁሉ ኑዛዜውን ይጻፋ!»

ሙነወር ፈገግ አለ። ከረጢቱን ጎትቶ አወጣ፤ ሽባባው ሸራ ዘርግቶ ዘረገፈው። ብረቱ ዘይት እንደ ጠጣ ያበራል።

«ማን ነው እንዲህ አሳምሮ የያዘው?» አለ ሽባባው።

«እኔ ነኛ!» አለ ባንተአምላክ ደረቱን ነፍቶ። «አናጢ ብረት አያውቅም መሰለህ?»

ሽባባው ተንበርክኮ ሥራ ጀመረ። አንዳንዱ ከፋብሪካው ቁጥር ተቀርጾበታል፤ ፒስተኖቹ ወዲያው ቦታቸውን አገኙ። ወደ ቀጫጭኖቹ ዘንጎችና ወደ ቫልቮዎቹ ሲደርስ እጁ ዘገየ። አሥራ ስድስት፣ አሥራ ስድስት ናቸው። ሁለቱን ዘንጎች ጎን ለጎን አድርጎ ፀሐይ ላይ አያቸው፣ ደግሞ አስቀመጣቸው። ፀሐዩ ከዳማው ጣሪያ ሲያልፍ አሁንም እዚያው ነበር።

«መንታ ይመስላሉ» አለ በመጨረሻ። «ግን አይደሉም። እያንዳንዱ ከገዛ ቦታው ጋር አብሮ ያረጀ ነው። አንዱን በሌላው ቦታ ብከተው መጀመሪያ ያንኳኳል፣ ቀጥሎ ይበላዋል። አዲስ ደግሞ እዚህ አገር የለም።» ቀና አለ። «ሙእሚን እንዲህ አይደለም የሚያስቀምጥ። እኔ ነኝ ያስተማርሁት። ቁጥር የተጻፈበት ጣውላ አልነበረም?»

ሙነወር መሬት መሬት አየ።

«የምን ቁጥር?» አለ ባንተአምላክ።

«በጠመኔ። በየዕቃው ሥር።»

ባንተአምላክ ወደ ግድግዳው ዞረ። ጣውላው እዚያው ተደግፏል። ብዙ ቆሞ አየው። ከዚያ የሚቀመጥበት አጣና መሬት ላይ ቁጢጥ አለ።

«ሙነወር።»

«ድንኳን መተከል ነበረበት» አለ ሙነወር።

«እኔ እኮ እንዳይዝግ ብዬ...»

«ዝናብ ነበር፣ ባንተአምላክ።»

ሽባባው ሁለቱን አየ። እጁን በጨርቅ ጠረገ። ኋላም፣ «ጋሽ ሙነወር፣ የቶዮታ ሞተር እፈልግልዎታለሁ። በወር ውስጥ ይነሳል» አለ።

«ዳማው ይሄዳል?»

«ይሄዳል።»

«ድምፁስ?»

«ድምፁ የቶዮታ ነው የሚሆን። ልዋሽዎት?»

ሙነወር ደብተሩን ከኪሱ አወጣ። ሽባባው እስክሪብቶ ሰጠው። ሞተሩን ከ«የሚቀር» ሰርዞ ወደ «የሚቀየር» ማሻገር ብቻ ነው፤ አንድ መስመር። እስክሪብቶውን ወረቀቱ ላይ አሳረፈ። ከዚያ ወደ ዋሂዳ ዘረጋው። ዋሂዳ እጇን ነጠላዋ ውስጥ ከተተች።

«ትንሽ ይሰንብት» አለ ሙነወር።

ሽባባው፣ «ይሰንብት፤ ይደውሉልኝ» ብሎ ሚኒባስ ሳያመልጠው ሄደ።

በማግስቱ ማለዳ ሙነወር ከፈጅር ሶላት ሲመለስ ባንተአምላክ ግቢው ውስጥ ተቀምጦ ነበር። ዓይኑ ቀልቷል። ጉልበቱ ላይ አዲስ የተላገ ጣውላ ይዟል፤ በሁለት ረድፍ ስምንት ስምንት ቀዳዳ ተበስቶበታል፣ ጠርዙ ሁሉ በብርጭቆ ወረቀት ለስልሷል።

«አሥራ ስድስት ነው ያለው አይደል?»

«አሥራ ስድስት ነው።»

ባንተአምላክ ጣውላውን ሸራው አጠገብ አኖረው። ዘንጎቹን እያነሳ፣ እያንዳንዱን አንዴ አየት እያደረገ፣ በቀዳዳዎቹ ውስጥ አቆማቸው። ሙነወርም ጎንበስ ብሎ ያቀብለው ጀመር። ሲያልቅ ሁሉም ቀጥ ብለው ቆሙ፤ ለሚያይ ሰው ሥርዓት ያላቸው ይመስላሉ።

ባንተአምላክ እርሳሱን ከጆሮው ላይ አወረደ። ቁጥር ሊጽፍ ጎንበስ አለና እጁ አየር ላይ ቀረ።

«ከየት በኩል ነው የሚጀመር?» አለ።

ሙነወር ያንንም አያውቅም ነበር።