በጓንት የጨበጥኩት እጅ

ደብረ ማርቆስ ወደሚገኘው የሕብረ ሕዋስ ላቦራቶሪ የገባሁ ዕለት ኃላፊያችን አቶ ዳምጤ አንድ ነጭ ጋውንና አንድ ካርቶን ጓንት ሰጡኝ። «ጋውኑ ያንተ ነው፤ ጓንቱ የመንግሥት ነው፤ ቆጥብ» አሉኝ። ቀጥለው ማይክሮቶሙን አሳዩኝ። በሰም የተደፈነ ሥጋ ከፀጉር አቅጥኖ የሚሸነሽን ማሽን ነው። ሽንሽኑ ለብ ያለ ውኃ ላይ ሲዘረጋ በመስታወት ስላይድ ቀስ ብሎ ማንሳት ነው። የዚያን ዕለት ያነሳሁት ሁሉ ተጨማደደ። አቶ ዳምጤ በማይክሮስኮፕ አዩና፣ «የሰው ቆዳ ነው ወይስ ያልተተኮሰ ሸሚዝ?» አሉ።

ሥራውን ለመድኩት። ዓመታት አለፉና ከኃላፊው ቀጥሎ ከፍተኛ ቴክኖሎጂስት ሆንኩ። በዚያው ሰሞን በጣቶቼ ጫፍ ላይ ነጭ ነጠብጣብ ታየ።

ለምጽ መሆኑን ለማወቅ ሐኪም አላስፈለገኝም። ለቆዳ ቀለም የሚሰጡት ሴሎች በዚያ ቦታ ይጠፋሉ፣ ቆዳው ይነጣል። አያምም፣ አይገድልም፣ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ይህን ከብዙ መጻሕፍት አንብቤዋለሁ። እንዲያውም በመሥሪያ ቤታችን መጽሔት ላይ ለምጽ ያለበትን ሰው በሚሸሹት ላይ እየቀለድኩ ጽፌያለሁ። ብዙ ሰው ስቆበታል። ጽሑፉን ለአዘጋጁ ያስረከብኩት ጓንት ባጠለቀ እጅ ነው።

ላቦራቶሪ ለሚደብቅ ሰው ምቹ ቤት ነው። ጓንት ያጠለቀውን ለምን ብሎ የሚጠይቅ የለም። ውጭ ጋቢ አለ፤ ጋቢ ከሌለ ኪስ አለ። ባልደረቦቼ ጥንቁቅ ይሉኝ ነበር። በሥራ አፈጻጸም ግምገማ ላይ ሳይቀር ለንጽሕናዬ ተመስግኛለሁ። አጉል እምነትን በአደባባይ የሚሳደብ ሰው በጓዳው እንዲህ ይኖራል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት የቆዳ ሐኪሟ ዶክተር ሰላም ስለ ለምጽ ጥናት ጀመረች። ለጥናቱ የታዘዘው ዕቃ በረዶ በታጨቀ ሳጥን መጣ። ሳጥኑ በግ ያስገባል፤ ብልቃጡ ግን ከጣት አይበልጥም፣ በውስጡም ያለው ጥቂት ጠብታ ነው። አንቲቦዲ ነበር። ቀለም በሚሠሩት ሴሎች ላይ «ቀለም ሥሩ» የሚለውን ትእዛዝ የሚቀበል አንድ ተቀባይ አለ፤ በሙያው ሪሴፕተር ይባላል። አንቲቦዲው ያንን ተቀባይ ከሌላው ሁሉ ለይቶ ይጣበቅበታል። ከዚያ ማቅለሚያ ሲጨመር ተቀባዩ ያለበት ቦታ በማይክሮስኮፕ ቡናማ ሆኖ ይታያል። ብልቃጡ ላይ «ለምርምር ብቻ» የሚል ተጽፎበታል። በሽታ አይመረመርበትም፣ ሰውም አይታከምበትም።

ናሙና ለመስጠት ከመጡት አንዱ መሪጌታ ጥበቡ ናቸው። ከደብረ ወርቅ በኩል የመጡ የአቋቋም መምህር ናቸው። የሁለቱ እጆቻቸው ጀርባና የከንፈራቸው ዳር ነጥቷል። ብቻቸውን አልመጡም፤ አቶ መንግሥቴ የሚባሉ የደብሩ ሰበካ ጉባኤ አባል ተከትለዋቸዋል። ዶክተሯ ክፍሏን እስክታዘጋጅ ስለ ጥናቱ ላስረዳቸው ወደ ኮሪደሩ ወጣሁ።

«ቆዳ ልትወስዱ ነው አሉ» አሉኝ መሪጌታ። «ውሰዱ። ከበሮ ለመወጠር የሚበቃ ብቻ አይሁን።»

«ከምስር ፍሬ አትበልጥም መሪጌታ።»

ሳቁ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «እኔ የምፈልገው አንድ ነገር ነው። ጸናጽል ሳቀብላቸው ተማሪዎቼ በነጠላቸው ጫፍ መቀበል ጀምረዋል። አልፈርድባቸውም፣ ከየቤታቸው ተነግሯቸው ነው። አሁን ደግሞ የመምህርነት ወንበሬ ለሌላ ይሰጥ የሚል ተነሥቷል። እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ ከዚህ ሌላ ሥራ አላውቅም። እንደማይተላለፍ የሚነግራቸው የተማረ ሰው ነው የቸገረኝ።»

«አይተላለፍም» አልኩ፣ አቶ መንግሥቴም እንዲሰሙ ድምፄን ከፍ አድርጌ።

«እርግጥ ነው?»

«እርግጥ ነው።»

ፊታቸው ፈታ አለ። እጃቸውን ዘረጉልኝ፣ ጨበጥኳቸው። በጓንት።

እጄን ቶሎ አልለቀቁም። ጎማውን በአውራ ጣታቸው ዳበስ አደረጉት።

«አይተላለፍም አላሉኝም?» አሉ።

«ደንብ ነው መሪጌታ። እዚህ ቤት ጓንት አይወልቅም።»

«ዶክተሯ እኮ በባዶ እጇ ነው የጨበጠችኝ።»

የቆምነው ኮሪደር ላይ ነው፤ ኮሪደር ላይ እንዲህ ያለ ደንብ የለም። መልሱ ከጎማው ሥር ነበር። አንድ ጊዜ ሳብ አድርጌ ባወልቀው ኖሮ ሌላ ቃል ባላስፈለገ። መሪጌታ «ይሁን እንግዲህ» ብለው ወደ ዶክተሯ ክፍል ገቡ። አቶ መንግሥቴ ግን ቆመው እጄን ያዩ ነበር።

ናሙናውን እንዳይበላሽ ፎርማሊን ውስጥ ከተትኩ፣ በሰም ደፈንኩ፣ ሸነሸንኩ፣ አቀለምኩ። በማይክሮስኮፕ ስናየው ከነጣው ጎን ያለው ጤነኛ ቆዳ ከዳር እስከ ዳር ቡናማ ሆኗል። አቶ ዳምጤ ደስታቸውን አልቻሉትም፤ ከሌላ ክፍል ሰው ጠርተው «ኑ እዩ፣ ተቀባዩ ፈልቷል!» ይሉ ጀመር። አጨበጨብን። ዶክተር ሰላም ብቻ፣ «ለማመሳከሪያ፣ አንቲቦዲ ያልነካው ስላይድ የታለ?» ብላ ጠየቀች።

አልሠራነውም ነበር። ማቅለሚያውን ለመቆጠብ ብለን ትተነዋል። ስንሠራው እሱም ቡናማ ሆኖ ወጣ። የምንከተለው መመሪያ ፈዛዛ ቆዳ ባላቸው ሰዎች አገር የተጻፈ ነው። የእኛ ሰው ቆዳ ራሱ ቡናማ ነው። የገዛ ቀለማችንን ተቀባይ ነው ብለን አጨብጭበንለታል። ዶክተሯ «በሉ በቀይ ማቅለሚያ እንደ አዲስ» አለች። ማቅለሚያው ታዞ እስኪመጣ ብዙ ሳምንት አለፈ። በቀዩ ሲሠራ ተቀባዩ በጠይሙ ቆዳ ላይ ጥርት ብሎ ታየ። በነጣው ላይ ሴሎቹም ስለሌሉ ምንም የለም። ንጹሕ ሥራ ነበር፤ ኮርቼበታለሁ።

ዶክተሯ ውጤቱን ለመንገር ለመሪጌታ ስትደውል ሌላ ወሬ ሰማች። ሰበካ ጉባኤው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ስለ ወንበሩ ሊወስን ነው። አቶ መንግሥቴም «የላቦራቶሪው ሰው ራሱ በጓንት ነው የጨበጣቸው» ብለው አውርተዋል። ስልኩን ዘግታ፣ «እውነት ነው እንዴ?» አለችኝ። «ሥራ ላይ ስለነበርኩ ነው» አልኳት። «እንግዲያው አብረን ሄደን እናስረዳለን» አለች።

እሑድ በሚኒባስ ወደ ደብሩ ሄድን። ሽማግሌዎቹ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ጥላ ሥር ተቀምጠዋል፣ መሪጌታ ራቅ ብለው መቋሚያቸውን ተደግፈው ቆመዋል። ዶክተር ሰላም በሚገባቸው ቋንቋ አስረዳች። የደብሩ አለቃ ራሳቸውን እየነቀነቁ ሰሟት። ነገሩ ያለቀ መሰለኝ። አቶ መንግሥቴ ተነሡ።

«ዶክተር፣ እኛ የተማረ ሰው እናከብራለን። ግን ይኸው ሰውዬ በጓንት ሲጨብጣቸው በዓይኔ አይቻለሁ። የሚያውቀው ነገር ቢኖር ነው እንጂ!»

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ባዶ እጆቼን ከጋቢው ውስጥ አወጣሁ።

አለቃው ጎንበስ ብለው አዩኝ። «እርስዎንም?» አሉ።

«አዎ አባቴ። መሪጌታን ከማወቄ ከብዙ ዓመት በፊት ነው የጀመረኝ። ያን ዕለት ጓንቱን ያላወለቅሁት ይኸንን ለመደበቅ ነው።»

«ይኸው!» አሉ አቶ መንግሥቴ። «የሳቸውን ቆዳ ሲነካካ ይዞታል!»

«ከዚያ በፊት ነው እያልኩዎት!»

«እንግዲህ ከሳቸው በፊት እንዲህ ያለ ቆዳ ስንቱን ነካክተሃል!»

ከጎኔ የተቀመጡት ሰውዬ በአግዳሚው ላይ ፈቀቅ አሉ። ዶክተሯ ልትናገር ስትል አለቃው እጃቸውን አነሡ። አለቃው ክፉ ሰው አይደሉም፣ የጠየቁኝም በቅን ልብ ነው።

«የማያስፈራ ነገር ከሆነ፣ እርስዎ የተማሩት ለምን ደበቁት?»

ብዙ አንብቤያለሁ። ክርክር እወዳለሁ፤ ሰው የተስማማበትን ሁሉ መቃወም ልማዴ ነው። ለዚህ ጥያቄ ግን መሬት መሬት አየሁ።

መሪጌታ ጥበቡ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እኔስ መደበቂያ አልነበረኝም» አሉ። «ጸናጽል በጓንት አይያዝም።» ማንንም ሳይሰናበቱ በበሩ ወጡ።

ወንበሩ ለሌላ መምህር ተሰጠ። መሪጌታ ጉንደ ወይን እኅታቸው ዘንድ እንደገቡ ኋላ ሰማሁ፤ ማስተማር መቀጠላቸውን የነገረኝ የለም።

ስንመለስ መንገዱ ሲጋመስ ዶክተር ሰላም፣ «እኔ የቆዳ ሐኪም ነኝ፤ ስንት ዓመት በአንድ ሕንጻ ውስጥ!» አለች።

ውጤታችን ትክክል ነበር። አንቲቦዲው ሥራውን ሠርቷል። መሪጌታ ግን እሱን አልፈለጉትም፤ የፈለጉት አንድ ባዶ እጅ ነው፣ ያን ደግሞ እኔ በሚያስፈልግበት ቀን አልሰጠኋቸውም።

ለአዲስ ገቢዎች የምለው ይኸ ነው። ናሙና ሲነካ ጓንት ይደረጋል። ሰው ሲጨበጥ ይወልቃል። በኋላ ማውለቅ አይጠቅምም።