እንጦጦ ላይ የሚጮኸው የጀልባ ሞተር

ማለዳ ከጉርድ ሾላ ስነሳ ልቤ ከብዶኝ ነበር። ከሦስት ሳምንት በፊት የእትዬ ዘነበችን ወፍጮ ጠገንኩ ብዬ ከእንጦጦ የወረድኩት እኔው ነኝ፤ አሁን "ደወሉ እንደገና ጮኸ" የሚል መልእክት ደረሰኝ።

ወፍጮውን የሚያዞረው የዝዋይ ሐይቅ አሮጌ የጀልባ ሞተር ነው። የእትዬ ዘነበች ባል፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ገዝተው ተከሉት። እኛ መካኒኮች ቡልቦ የምንላቸው ሁለት ጠባቂዎች አሉት፤ አንዱ ሙቀት፣ አንዱ የዘይት ግፊት ያያል፤ ክፉ ሲያዩ ደወሉ ያምባርቃል። ያን ጊዜ ገበያተኛው "ሊፈነዳ ነው!" እያለ እህሉን ጥሎ ይሸሻል። የሟች ወንድም አቶ ደገፉ ታዲያ ሞተሩን ለብረት ነጋዴ ሊሸጡት ቆርጠው፣ ገዢውን ዛሬ ከሰዓት ይዘው ሊመጡ ነው። እትዬ ዘነበች ደግሞ ሌላ መተዳደሪያ የላቸውም።

ባለጋሪው እስከ የካ ሚካኤል ሽልንግ ብሎኝ በስሙኒ ተስማማን። ከቤተ ክርስቲያኑ በላይ በእግር ነው። ዝናቡ የባሕር ዛፉን መንገድ አጨቅይቶት ሁለቴ ተንሸራትቼ ወደቅሁ። ገብስ በአህያ የጫኑ ሽማግሌ አነሱኝና ከቆሏቸው ዘገኑልኝ።

"ወፍጮ ቤት ነው?" አልኳቸው።

"አዎ፣ ዋዜማ አይደል! አስፈጫለሁ፣ እግሬንም እታጠባለሁ" አሉኝ። ነገሬ አላልኩም።

አራት ሰዓት

እንደደረስኩ ዓይኔ የደወሉ ሽቦ ላይ አረፈ። ያኔ "ደወሉ ቀጣፊ ነው" ብዬ ቆርጬው ነበር። አሁን ተቋጥሮ፣ በጨርቅ ተጠቅልሏል።

"ማን ቀጠለው?"

"እኔ ነኛ! ዝም ሲል ባሰብኝ" አሉ እትዬ ዘነበች። "ሟች 'ይኼ ከጮኸ ቶሎ አጥፊ' ብሎኛል። አንተ ልጅ፣ ምን ብለህ ቆረጥከው?"

መፍቻዬን አነሳሁ።

የሙቀቱን ቡልቦ ፈትቼ የፈላ ውሃ ውስጥ ነከርኩት፤ ደወሉ ጮኸ። ሲበርድ ዝም አለ። በዘይቱ ቡልቦ ቦታ የግፊት መለኪያ አስሬ ሞተሩን ለአፍታ ባስነሳው ግፊቱ ደህና ነው። ሁሉን መልሼ ሞተሩን እንደገና አስነሳሁ። አንድ ሰዓት ሙሉ ፈጨ፣ ደወሉ ትንፍሽ አላለም። ግራ ገባኝ።

እጄን ልታጠብ ስል እትዬ ዘነበች ከሞተሩ አጠገብ ካለው በርሜል በጣሳ ሙቅ ውሃ ቀዱልኝ። ያ ሞተር ድሮ ሐይቅ ሙሉ ውሃ ነበረው፤ እዚህ የሚቀዘቅዘው በዚያ በርሜል ነው፤ ውሃውን ይስባል፣ አሙቆ ይመልሳል። ሽማግሌው ለእግራቸው ቀዱ። ተራ ጠባቂ ሴቶችም ለበዓል ልብስ ማጠቢያ እየተቀባበሉ ቀዱ።

ደወሉ አምባረቀ! ሰዉ ወደ ደጅ ተግተለተለ። "ወይኔ፣ አለቀልኝ!" አሉ እትዬ ዘነበች። ሞተሩን አጥፍቼ በርሜሉን አየሁ፤ ውሃው ሞተሩ ከሚስብበት ቱቦ አፍ በታች ወርዷል።

"እትዬ፣ ሁልጊዜ የሚጮኸው በዋዜማ ነው እንዴ?"

አሰብ አደረጉና "እንዴ! አዎ እኮ!" አሉ። ከዚያ ፊታቸው ጠቆረ። "በዚህ ብርድ ሙቅ ውሃ እንዴት ብዬ ልከልክል?"

አንጀቴን በሉት። "ማን ከልክሉ አለዎት? ሙቅ የቀዳ በምትኩ ቀዝቃዛ ይሙላ" አልኩ። ሽማግሌው ቀድመው ወደ ምንጩ ወረዱ፤ ሴቶቹም እንስራቸውን ይዘው ተከተሉ። በርሜሉ ሞላ፤ ሞተሩ ሲበርድ አስነሳነው።

ዘጠኝ ሰዓት

አቶ ደገፉ ገዢውን አስከትለው ገቡ። "ዛሬስ አልጮኸም?"

እኔ ልሸፍን ስል እትዬ ዘነበች ቀደሙኝ። "ጮኋል። እውነቱን ነበር፤ ውሃ ጎድሎበት ነው።"

አቶ ደገፉ አፋቸውን ሲከፍቱ ሽማግሌው "ጌታዬ፣ እህል ካልያዙ ገለል ይበሉ፣ ተራ አለ" አሏቸው። ሰዉ ሳቀ። ገዢው ወረፋውን አየ፣ ሞተሩን አየ፣ "ይኼማ የሚሠራ ዕቃ ነው፤ እኔ የምገዛው ቁርጥራጭ ነው" ብሎ ወጣ። እትዬ ዘነበች በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ።

ማታ ጉርድ ሾላ ገባሁ። መንገዱን ሁሉ ሳስብ የመጣሁት ያን ሽቦ ነው፤ እንደቆረጥኩት ቢቀር ኖሮ ሞተሩ ዛሬ ይነድ ነበር። ከእንግዲህ የሚጮህ ነገር ሳልመረምር ዝም አላሰኝም።

"ሠራኸው?" አለችኝ ባለቤቴ።

"እኔ ያበላሸሁትን እትዬ ዘነበች ሠርተው ቆዩኝ" አልኳት።